አፉን የከፈተ ማዕዘን

ባለመስታወቱ ፍሬሙን በጨርቅ ጠቅልሎ ነበር ያመጣው። ሰው እንዳያይበት ብሎ ነው፤ ጨዋ ልጅ ነው። ከእንጨት ሥራ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ግራ ቀኙን አየ፣ ከዚያ ጨርቁን ከታመመ ሕፃን ላይ እንደሚገልጥ ሰው ቀስ አድርጎ ገለጠው።

«ጋሽ ልክ፣ እንዳይቀየሙኝ እሺ?» አለ።

አናጢው እጁን አልዘረጋም። ከቆመበት ሆኖ አየውና በቃው። በላይኛው ማዕዘን፣ ሁለቱ እንጨቶች በሰያፍ ተቆርጠው ግንባር ለግንባር የሚሳሳሙበት ቦታ ላይ፣ ፍሬሙ አፉን ከፍቷል። ብዙ አይደለም፤ ጥፍር ቢገባ ነው። ግን መስታወት ክፉ ጎረቤት ነው፤ የሰውን ስንጥቅ ተቀብሎ እጥፍ አድርጎ ያወራል።

«ሌሎቹስ?»

«ያው ናቸው። አንዷ ደንበኛ ምን አለችኝ መሰልዎት? ‹ይሄ ፍሬምህ ያዛጋል፤ እንቅልፍ ነስተኸው ነው እንዴ?› አለችኝ።»

ልጁ ለማሳቅ ብሎ ነው። አናጢው ሊስቅለት ሞከረ፤ ፊቱ ግን እሺ አላለውም።

«አስቀምጠው እዚያ። ደግሜ እሠራቸዋለሁ።»

«ጋሽ ልክ፣ እኔ እርስዎን ትቼ የትም መሄድ አልፈልግም። አንድ ጊዜ ቢሆን እኮ ዝም ባልኩ። በዚህ ሳምንት ካልሆነልን ግን ወደ አሉሚኒየሙ መዞሬ ነው። ከልቤ እንዳልሆነ ይወቁልኝ።»

«አውቃለሁ ልጄ። ሂድ፣ ሱቅህ ክፍት ነው።»

ልጁ ሄደ። አናጢው ፍሬሙን አንስቶ በአውራ ጣቱ ስንጥቁን ዳበሰው፣ መልሶም ጣውላ ቁልሉ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አቆመው። ሰው ያቀለለውን ዕቃ ማየት ያደክማል።

«ጋሽ ልክ» ያለው ሰፈሩ ነው። በደህናው ዘመን እያንዳንዷን ቁራጭ ከመጋዙ ላይ ሲያነሳ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ እያየ «ልክ!» ይል ነበር። ጮክ ብሎ ነው የሚለው፣ መንገደኛው ሁሉ እስኪሰማው። ሕፃናቱ ከደጅ ሆነው አብረውት «ልክ!» ይላሉ። አሁን ግን ያቺን ቃል ካለ ብዙ ጊዜው ነው። ስሙ ብቻ ቀርቷል፤ ሰውም በዚያ ስም በጠራው ቁጥር የሰደቡት ያህል ይሰማዋል።

እዚህ ላይ ስለ ጋሪው ልንገራችሁ፤ ጣጣው ሁሉ ያለው እሱ ዘንድ ነው።

ጠረጴዛ መጋዝ ያላየ ሰው ካለ፣ የብረት ጠረጴዛ ነው፤ ከመሀሉ ክብ ዲስክ ብቅ ብሎ ይሽከረከራል። ከዲስኩ ግራና ቀኝ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ቦዮች አሉ። ሟቹ አባቱ በእነዚያ ቦዮች ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንሸራተት ሰፊ ሰሌዳ ሠርቶ ነበር። ቤተሰቡ «ጋሪው» ይለዋል። ጋሪው ላይ ሁለት ወፋፍራም እንጨቶች እንደ ቤት ክዳን ተገናኝተው በምስማር ተመትተዋል፤ ዲስኩ የሚያልፈው በክዳኑ ጫፍ በኩል ነው። የፍሬሙን እንጨት በቀኝ በኩል ባለው ላይ አስደግፈህ ጋሪውን ስትገፋ አንደኛው ጫፍ በሰያፍ ይቆረጣል። በግራው ላይ ስታስደግፍ ደግሞ ሌላው ጫፍ ይቆረጣል። በቃ፣ ይኸው ነው።

አባትየው ቀኙን ለወንድ ልጁ፣ ግራውን ለሴት ልጁ ሰጠ። ልጅቱ ግራ እጇን የምትጠቀም፣ እንደ ሸንበቆ የቀጠነች ነበረች። መጋዙ በግራ በኩል ወደ ግድግዳው ተጠግቶ የቆመ ስለሆነ፣ እዚያ ጥግ ከእሷ በቀር የሚገባ ሰው አልነበረም። እሱ አንዱን ጫፍ ይቆርጣል፣ ያቀብላታል፤ እሷ ሌላውን ጫፍ ትቆርጣለች። አባትየው ከሞተ በኋላም እንዲሁ ሲሠሩ ኖሩ። እሱ አገባ፣ እሷም አገባች፤ እሱ ሆድ አወጣ፣ እሷ ግን ያው ሸንበቆ እንደሆነች ቀረች።

ከዚያ የእሷ ባል ታመመ። አንድ ማለዳ ሲነሳ ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው። ምላሱም ተሳሰረ። እሷ ቤቷ ዋለች፤ ሰንብታ ትመጣለች ሲባል በዚያው ቀረች።

አናጢው ብቻውን ሆነ። መጀመሪያ የመጡለት ሥራዎች መደርደሪያና በርጩማ ነበሩ፤ ሰያፍ የሚባል ነገር አልነበረባቸውም። በኋላ ባለመስታወቱ ፍሬም ሲያዘው በግራ በኩል ሊገባ ሞከረ፤ ሆዱ ከግድግዳውና ከመጋዙ መሀል ተቀርቅሮ ወደ ኋላ ለመውጣት እንኳ ተቸገረ። ብቻውን ሳቀና ተወው። መላ ፈጠረ፤ አንዱን ጫፍ በቀኝ ይቆርጥና እንጨቱን በፊቱ ደፍቶ፣ ገልብጦ፣ ሌላውንም ጫፍ እዚያው በቀኝ በኩል ይቆርጠዋል። ሰያፍ ያው ሰያፍ ነው ብሎ።

ፍሬሞቹ ማዛጋት ጀመሩ። መጀመሪያ ላይ ኮላና ሰጋቱራ ለውሶ ስንጥቁን ይሞላና በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ ያሳልፈው ነበር። ሲብስ ዲስኩን አስሳለ። ከዚያም ጨርሶ ቀየረው። ጣውላውን ለይቶ፣ አድርቆ፣ ጠርዙን አስተካክሎ ቆረጠ። እስኳድራውን አምጥቶ ጋሪው ላይ ያሉት ሁለት እንጨቶች የሚገናኙበትን ማዕዘን ለካ፤ ቀጥ ያለ ነው፣ ዝንፍ አላለም። መነጽሩን አስቀየረ። ያም አልረዳውም።

እንግዲህ ዲስኩ ደህና፣ እንጨቱ ደህና፣ ጋሪው ደህና ከሆነ ምን ቀረ? እሱ ራሱ ቀረ። አባቱ በመጨረሻ ዘመኑ የሻይ ብርጭቆ ሲያነሳ እጁ ይንቀጠቀጥ እንደነበር አናጢው አልረሳም። ማንም ሳያየው የገዛ እጁን ዘርግቶ ትክ ብሎ ማየት ጀመረ። አይንቀጠቀጥም። ትክ ብለው ሲያዩት ግን የማይንቀጠቀጥ እጅ የት አለ?

ባለመስታወቱ በሄደ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከጎረቤት በያጁ መጣ። የብረት በርና መስኮት ይሠራል፤ ቤቱ ጠቦታል። ግድግዳውን አፍርሶ የአናጢውን ክፍል ከነመጋዙ ሊጠቀልል ከፈለገ ቆይቷል። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ አፉ ነው ሰፊ።

«ልጁ በጨርቅ ጠቅልሎ ሲመጣ አየሁት» አለ፣ ጥቁር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ። «ለቅሶ ነው ብዬ ልደርስዎት ነበር።»

«አንተ ዓይንህ መቼ ነው የሚያርፈው?»

«ጋሽ ልክ፣ እንጨት እኮ ያብጣል፣ ይኮማተራል፣ ይነቅዛል። ጠባዩ የሰው ነው። ብረት ይሻላል። እኔ ክፍተት ቢኖርብኝ እላዩ ላይ አንጠባጥብበትና ቀለም አለብሰዋለሁ፤ ማን ያያል?»

«እግዜር ያያል።»

«እግዜር ደግሞ በር አያሠራም።»

አናጢው ሳይወድ ሳቀ። በያጁም መሳቁን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የምሬን ነው፤ ለእርስዎም ያዝናል ልቤ። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል ይባላል። ሰው ሳይበዛብዎት ለእኔ ይልቀቁልኝ።»

በሌላ ቀን ቢሆን በመዶሻ ያባርረው ነበር። ዛሬ ግን ጣውላው ላይ ተቀመጠ።

«ነገ መልስ እሰጥሃለሁ» አለው።

በያጁ ራሱ ደነገጠ። ስንት ጊዜ እንደ ቀልድ ሲጠይቅ የኖረው ነገር በቁም ነገር ሲመለስለት መነጽሩን ወደ ዓይኑ አውርዶ ወጣ።

አናጢው ማታ ቤት ሲገባ ሚስቱ ሻይ ቀዳችለት። አልጠጣውም።

«ምን ሆነሃል?»

«ምንም።»

«ምንም የሚባል በሽታ አላውቅም እኔ።»

«እጄ ሄዷል መሰለኝ።»

«ወዴት ሄደ? አሁን ዳቦ ሲቆርስ አይቼዋለሁ።»

«ቀልድ አይደለም አንቺ ሴትዮ። መጋዙን ልሸጠው ነው።»

ሚስቱ የሻይ ማንኪያውን አስቀመጠች። ፊቱን አየችው። ብዙ ወራት ሆኗት እንደሆነ እንጃ፣ እንዲህ አድርጋ ካየችው። ጉንጩ ወርዷል። ጺሙን ተላጭቶ ከጆሮው ስር ረስቶት ነበር።

«ደክሞሃል» አለች።

«ድካምማ ሁሉም ይደክመዋል። ሁሉም ሰው ግን የሚያዛጋ ፍሬም አይሠራም።»

«እሺ፣ ሽጠው። እኔ ካንተ ጋር እንጂ ከመጋዙ ጋር አልተጋባሁም። ግን ለእህትህ ሳትነግር እንዳታደርገው፤ የአባታችሁ ዕቃ ነው።»

«እሷ የራሷ መከራ አላት።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ሂድና ንገራት። ፍሬሙንም ይዘህላት ሂድ፤ ዓይኗ ካንተ ይሻላል።»

ይቺን የመጨረሻዋን ነገር ባትላት ይሻል ነበር። ዓይን የሚባል ነገር ሲነሳበት ሆድ ይብሰዋል። ግን እውነቷን ነው፤ በማግሥቱ ጠዋት ፍሬሙን በዚያው በባለመስታወቱ ጨርቅ ጠቅልሎ ወጣ።

እህቱ ባሏን መስኮት አጠገብ አስቀምጣ ጺሙን እየላጨችው ነበር። በግራ እጇ ምላጩን፣ በቀኟ አገጩን ይዛ። ወንድሟን ስታይ እጇን ሳታነሳ «ዛሬ ደግሞ ምን እግር ጣለህ ጋሼ?» አለች።

«እንዲያው ናፍቃችሁኝ።»

«በጨርቅ የተጠቀለለ ናፍቆት ነው እንዴ? ቁጭ በል፤ ይሄን ሰውዬ ግማሽ ፊቱን ጨርሻለሁ፣ ግማሹን ልጨርስለት።»

ባልየው በደህናው የፊቱ ጎን ፈገግ አለ። አናጢው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ክፍሉ የሳሙናና የመድኃኒት ሽታ ነበረው። በገመድ ላይ አንሶላ ተሰጥቷል፤ ጥግ ላይ ሌላ የሚታጠብ ተቆልሏል። እህቱን ልብ ብሎ አያት። ሸንበቆነቷ አሁን የውበት አልነበረም። የእጅ አንጓዋ አጥንት ወጥቶ ይታያል።

«መጋዙን ልሸጠው ነው» አለ ድንገት። ሌላ ጊዜ ካገኘ እንደማይናገረው ያውቃል።

ምላጩ ባልየው ጉንጭ ላይ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ ቀጠለ።

«ለምን?»

«እጄ ሄዷል። ዓይኔም። ፍሬም መግጠም አቃተኝ እታለም። አራት እንጨት መግጠም አቃተኝ።»

እሷ ላጭታ ጨረሰች፣ የባሏን ፊት በእርጥብ ፎጣ ጠረገች፣ ፎጣውን ጨምቃ ሰቀለች። ከዚያ እጇን በቀሚሷ አደራርቃ «አምጣው» አለች።

ጨርቁን ገልጣ ፍሬሙን ጭኗ ላይ አስተኛችው። ስንጥቁን አየት አድርጋ አለፈችው። አውራ ጣቷን በአንዱ እንጨት ጠርዝ ላይ ከዳር እስከ ዳር ነዳችው፤ ቀጥላ በፊት ለፊቱ፣ ቀጥላ በጀርባው። ዓይኗን ጨፍና ነበር። ወንድሟ ሐኪም ፊት እንደተቀመጠ በሽተኛ ትንፋሹን ያዘ።

«ይሄኛው ጫፍ ስንጥሩ ከኋላ ነው» አለች።

«ስንጥር መቼስ አይጠፋም።»

«አይ ጋሼ፣ ስማኝ። ዲስኩ እንጨቱን ሲቆርጥ የሚቦጫጭረው ከስር ነው አይደል? ከስር ደግሞ የምናደርገው ሁልጊዜ ጀርባውን ነው። ይሄኛው ጫፍ እውነትም ከጀርባው ተቦጫጭሯል። ያኛው ጫፍ ግን የተቦጫጨረው ከፊቱ ነው፤ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገኸዋል እንጂ። ማነው እንጨቱን ገልብጦ የቆረጠው?»

«እኔ ነኛ፤ ሌላ ማን አለ? በአንቺ በኩል ሆዴ አያስገባኝም። እየገለበጥኩ ሁለቱንም በቀኝ እቆርጣለሁ። ያው አርባ አምስት ዲግሪ አይደለም እንዴ?»

«አርባ አምስት መሆኑን ማን ነገረህ?»

«እስኳድራው!»

«እስኳድራው የነገረህ ሁለቱ እንጨቶች እርስ በርሳቸው ቀጥ ብለው መገናኘታቸውን ነው። ዲስኩን እኩል ከመሀል ይመለከቱታል ወይስ ወደ አንድ ጎን ያደላሉ፣ እሱን ነግሮሃል?»

አናጢው ጎንበስ ብሎ የፍሬሙን ጫፍ አየ።

«አባባ ‹አንድ ከዚያ፣ አንድ ከዚህ› ይለን አልነበር?» አለች። «አንድ ቀን እኔ አሞኝ አንተ ብቻህን ልትቆርጥ ስትል ‹እህትህ እስክትመጣ ተወው› አላለህም?»

«እሱ እንዳንጣላ ብሎ ነው እንጂ። ሥራው እኩል እንዲደርሰን። አንቺ መቼም ትንሽ ከበለጥኩሽ ለእናታችን ትከሺኝ ነበር።»

«እኔም እስከ ዛሬ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ» አለች እህቱ። ፍሬሙን አገላብጣ እንደገና አየችው። «አሁን ግን እንጃ።»

እሷ መነሳት ፈለገችና ባሏን አየች። አናጢው ይህን አይቶ «ተይው፣ ሌላ ጊዜ…» ሊል ሲል፣ ባልየው ደህናውን እጁን ከጭኑ ላይ አነሳ።

«ሂ… ጂ» አለ። ትንፋሹን ሰብስቦ ደግሞ «ሂጂ» አለ፤ ሁለተኛው ጠርቶ ወጣለት። ሬድዮኑን በአገጩ አመለከተ።

ሬድዮኑን ከፈተችለት፣ ውኃ በእጁ አጠገብ አኖረችለት፣ ትራሱን አቃናችለት፣ በሩ ጋ ደርሳ እንደገና ተመልሳ ትራሱን አቃናችለት። ከዚያ ወጡ። መንገድ ላይ እሷ ፈጠን ትላለች፣ እሱ ያለከልካል። ያ ሁሉ ዓመት አብረው የተመላለሱበት መንገድ ነው፤ ያኔ ግን ቁልቁለት ይመስላቸው ነበር።

ሥራ ቤቱ ገብታ ምንም ሳትል ወደ ግራው ጥግ በጎኗ ተሽሎክልካ ገባች። የሸረሪት ድር ፊቷ ላይ ተጣብቆ በእጇ ጠረገችው። በእሷ በኩል ያለው የጋሪው እንጨት በአቧራ ነጥቷል፤ እፍ አለችበት። አናጢው ከቁርጥራጩ ክምር ውስጥ እኩል የሆኑ ቀጫጭን እንጨቶች መርጦ ሞተሩን አስነሳ።

አንዱን በቀኝ በኩል አስደግፎ ጋሪውን ገፋ። ቆረጠ። ሳብ አድርጎ አቀበላት። እሷ በግራ በኩል አስደግፋ ገፋች። እጆቻቸው ያውቁታል፤ ማን መቼ እንደሚገፋ፣ ማን መቼ እጁን እንደሚያነሳ አልተጠያየቁም። ሲጨርሱ ሞተሩን አጠፋው።

አራቱን እንጨቶች ጠረጴዛው ላይ አገጣጠመችና ዙሪያቸውን በሲባጎ አጥብቃ አሰረች። ለወንድሟ ሰጠችው።

ወደ ብርሃኑ ይዞት ወጣ። አንደኛውን ማዕዘን አየ። ሁለተኛውን አየ። መነጽሩን አውልቆ አየ፣ መልሶ አጥልቆ አየ። ወረቀት አምጥቶ ጠርዙን በማዕዘኑ መገናኛ ሊያስገባ ሞከረ፤ ወረቀቱ ታጠፈ እንጂ አልገባም።

«ቆይ፣ ገና ነው» አለች ከውስጥ። «ና፣ ይሄን እይ።»

ቅድም አብረው ከቆረጧቸው፣ ከአራቱ የተረፉትን ለይታ ነበር። እሱ በቀኝ የቆረጣቸውን ሁለት ጫፎች ብቻ ወስዳ በእስኳድራው ውስጥ ገጠመቻቸው፤ ከአንድ ወገን አፉን ከፈተ። በግራ የተቆረጡትን ሁለት ጫፎች ገጠመች፤ እሱም አፉን ከፈተ፣ በተቃራኒው ወገን። ከዚያ አንዱን ከእሱ፣ አንዱን ከእሷ አንስታ ገጠመች። ግጥም።

«ጋሪው በምስማር ሲመታ ጠማማ ሆኗል» አለች። «እንዲች ታህል። በአንተ በኩል ያለው ከአርባ አምስት ትንሽ ያልፋል፣ በእኔ በኩል ያለው ያንኑ ያህል ይጎድላል። ሲገናኙ የአንዱ ትርፍ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። አንተ ግን ትርፉን በትርፍ ላይ ደረብከው።»

«አባባ ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ይሆናል። ወይ ደግሞ ሲገጥምለት አይቶ ዝም ብሎ ይሆናል። እሱ መቼ የተበላሸ ነገር አስተካክሎ ያውቃል፤ ያባብለዋል እንጂ።»

አናጢው ሳቀ። ሳቁ ከሆዱ ነበር የጀመረው፤ መሀል ላይ ግን ወደ ሌላ ነገር ዞረበትና ጣውላ ቁልሉ ላይ ተቀመጠ። እጆቹን ዘርግቶ አየ። ደህና ናቸው። ለካ ደህና ነበሩ። መነጽር ሲያስቀይር፣ እጁን ሰርቆ ሲያይ፣ ሰው «ጋሽ ልክ» ሲለው አንገቱን ሲደፋ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ደህና ነበሩ።

ደስ አለው። በእውነት ደስ አለው። ግን ልብ በሉልኝ፤ ሰው ሞቴ ደርሷል ብሎ ተናዝዞ፣ ልቡን ቆርጦ ከተኛ በኋላ ‹ምንም የለብህም፣ ተነሳና ሥራህን ሥራ› ቢባል፣ ደስታው ብቻውን አይመጣም።

እህቱ ግን ነገሩን ጀምራዋለች። ከጥጉ ወጥታ መጋዙን በትከሻዋ ገፋ ገፋ አድርጋ ሞከረች። «ይሄን ከግድግዳው ትንሽ ብናርቀው አንተም በዚህ በኩል ትገባለህ። በያጁን እንጥራውና ያግዘን። ከዚያ ማንንም ሳትፈልግ ሁለቱንም ጫፍ በየጎኑ ትቆርጣለህ። ገና ስንት ዓመት ትሠራለህ ጋሼ።»

አናጢው መጋዙን አየ። በእርግጥም ቀላል ነበር። ስንት ዓመት። ጠዋት ቁልፍ፣ ቀን ሰጋቱራ፣ ማታ ወገብ። አንድም የሚያግደው ነገር የለም።

«እታለም» አለ።

«አቤት ጋሼ።»

«ደክሞኛል።»

እጇን ከመጋዙ ላይ አነሳች። «ዓይንህን ነው?»

«አይደለም። ዓይኔ ደህና ነው፤ አሁን አየን እኮ። እጄም ደህና ነው። የደከምኩት እኔ ነኝ።»

መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። ከጫማዋ ውስጥ ሰጋቱራ አራገፈች። «ቤቴ ስውል ሳትጠራኝ ስትቀር ምን እንዳልኩ ታውቃለህ?» አለች። «‹ለካ ያለ እኔም ይሄዳል› ብዬ አለቀስኩ። የባሌን ገላ እያጠብኩ ነው ያለቀስኩት፤ በእሱ ሕመም ያለቀስኩ መስሎት አብሮኝ አለቀሰ።»

«እኔ እንዳልጨምርብሽ ብዬ እኮ ነው ያልጠራሁሽ!»

«አውቃለሁ። አሁን ነው ያወቅኩት።»

«ደግሞም አልሄደም። እንዴት አድርጎ እንደሄደ አየሽው አይደል?»

ትከሻዋን ትከሻው ላይ አሳርፋ ሳቀች። ስትስቅ ሰውነቷ ሁሉ ሲንቀጠቀጥ ተሰማው። ከዘራ እንኳ ከእሷ ይከብዳል።

«ተወው እንግዲህ» አለች። «ስላቃተህ ቢሆን ኖሮ እሟገትህ ነበር። ስለደከመህ ከሆነ ግን እኔ ምን አፍ አለኝ? እኔ ራሴ የምተወው ነገር ቢሆን ኖሮ ዛሬውኑ በተውኩት። ሰው አይተውም እንጂ፤ መጋዝ ግን ይተዋል።»

አናጢው ይህንን ሲሰማ፣ ብዙ ወር ደረቱ ላይ የተቀመጠው ነገር ተነሳለት። መተው ፈልጎ ነበር ለካ። የፈራው መሸነፍን ነው።

«የልጁን ፍሬሞች ግን እንሠራለታለን» አለ። «የሚያዛጋ ነገር በስሜ አልተውም።»

«እሺ። እኔ ግን ለምሳ እመለሳለሁ፤ ሰውየው ይርበዋል።»

ሞተሩ ተነሳ። ቀስ ብለው ሠሩ፤ ማንም አላስቸኮላቸውም። እሱ ቆርጦ ያቀብላል፣ እሷ ትቆርጣለች፣ እሱ ኮላ ይቀባል፣ በሞርሳ ያጠብቃል። የተወሰነውን ከሠሩ በኋላ ቤቷ ደርሳ ባሏን አብልታ፣ ልብሱን ቀይራ ተመለሰች። በእንጨቱ ላይ ያጎነበሰው ወንድሟ አንዱን ማዕዘን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ለራሱ ያህል ብቻ «ልክ» ሲል ሰማችው። እንዳልሰማች ሆነች።

ከሰዓት በኋላ በያጁ ብቅ አለ። መጋዙ ሲጮህ ስለዋለ የመጣው ተስፋ ቆርጦ ነበር።

«እንግዲህ ቀረ ማለት ነው?» አለ በሩን ተደግፎ።

«አልቀረም። ትወስደዋለህ» አለ አናጢው። «ከእሷ ጋር ጨርሰናል።»

በያጁ ወደ ፍሬሞቹ ጠጋ ብሎ ማዕዘኖቹን አንድ በአንድ አየ። ከእንጨት ጋር ጠብ ያለው ሰው ቢሆንም ሥራ ያውቃል። ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

«ጋሽ ልክ፣ ይሄማ ሌላ ነገር ነው። እንዲህ እየገጠመልዎት ለምን ይሸጣሉ? እኔ እኮ ለሰዉ ሁሉ አቃታቸው ብዬ…» ምላሱን ነከሰ።

«ብለህ አውርተሃል?»

«ትንሽ።»

«እንግዲያውስ በዚያው አፍህ ዞረህ አስተካክል። አቅቶት አይደለም፣ ደክሞት ነው በል።»

«ደክሞት ነው ማለት ይሻላል እንዴ? እሱስ አያሳፍርም?»

አናጢው አሰበበት። «አያሳፍርም» አለ። «ለዚህ እኮ ነው እሱን በል ያልኩህ።»

ለበያጁ እንዲህ ያለ ነገር ብርቅ ነው። ለባለመስታወቱ ሊነግርለት፣ ምናልባትም የጀመረውን ወሬ ሊያስተካክል፣ ወጣ አለ።

አናጢው ኮላው እስኪደርቅ ብሎ ሰጋቱራ በተሞላው ጆንያ ላይ ጋደም አለ። «እግሬን ላሳርፍ እንጂ አልተኛም» አላት እህቱን። ሳትመልስለት እንቅልፍ ወሰደው። አፉን ከፍቶ፣ መነጽሩን አፍንጫው ላይ እንዳደረገ፣ ሕፃን ልጅ እንደሚተኛ ተኛ።

ባለመስታወቱ እየሮጠ፣ ከበያጁ ጋር ጮክ ብለው እየተነጋገሩ ሲመጡ እህቱ ቀድማ በሩ ላይ ደረሰች። ወንድሟ ሳይነቃ መነጽሩን አውልቃ በእጇ ይዛው ነበር።

«ቀስ» አለቻቸው። «ጋሼ ተኝቷል። ፍሬሞቹ እዚያ ናቸው፤ ኮላው ሲደርቅ ትወስዳላችሁ።»

«ፍሬሞቹ መግጠማቸውን ለጋሽ ልክ እንንገራቸው እንጂ፣ ደስ ይበላቸው!» አለ ልጁ።

«አውቆታል» አለች። በሩን በግራ እጇ ገርበብ አድርጋ ደጁ ላይ ተቀመጠች፤ እነሱም ከአጠገቧ ተቀመጡ።